ፓስታ በስጎ፤ የአንድ ማዕድ ታሪክ

የማኅበራችን መጽሔት አዘጋጆች ለዘንድሮው እትም ስለ ስንዴ አንድ ታሪክ ነክ ጽሑፍ እንዳቀርብ ሲጠይቁኝ፣ ከእኔ የጠበቁት ስለ ዋግ በሽታ ወይም ስለ ምርጥ ዘር እንደ ሆነ አላጣሁትም። ይሁን እንጂ ሰው ዕድሜው ሲገፋ ከማሳው ይልቅ ማዕዱን፣ ከዘሩ ይልቅ ድስቱን መመልከት ይጀምራል መሰለኝ። ስለዚህ የሥራ ባልደረቦቼ ይቅርታ ያድርጉልኝና የምጽፈው ስለ ፓስታ በስጎ ነው። ነገሩ ቀልድ እንዳይመስል ግን አስቀድሜ ልናገር፤ በቤታችን በዚህ ምግብ የተነሣ አንድ ትልቅ ሰው ሃያ ዓመት ያህል ከእሑድ ምሳ ተለይተው ኖረዋል። እኒህም ሰው አያቴ ናቸው።

ቤታችን በሐዋሳ፣ ዛሬ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ በሚባለው ወገን ነበር። ከተማይቱ በ1952 ዓ.ም. ገደማ፣ በልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም የአገረ ገዥነት ዘመን ተቆርቁራ የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ከይርጋለም ወደዚህ ሲዛወር፣ የመንግሥት ሠራተኛ የነበረው አባቴም ቤተሰቡን ጭኖ አብሮ ወረደ። እኔ የተወለድሁት እዚሁ ነው። በልጅነቴ ከመንገዱ ማዶ ግራርና ሜዳ እንጂ ቤት አይታይም ነበር፤ ሐይቁ በስተምዕራብ፣ የታቦር ተራራም ከበላዩ ቁሞ ይታያል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እናቴ ስጎ ትጥዳለች። የሽንኩርቱና የቲማቲሙ ሽታ ግቢውን ሲሞላ አያቴ በርጩማቸውን አንሥተው ወደ አጥሩ ጥግ ይሄዳሉ። እናቴም ሳትናገር ቅንጬ ወይም ቆጮ በሌላ ሣሕን ታቀርብላቸዋለች። «አባባ፣ ዛሬስ አንድ ጉርሻ» የምትለው በየዓመቱ አንድ ጊዜ፣ ለፋሲካ ብቻ ነበር፤ እርሳቸውም በየዓመቱ አንድ ጊዜ «ይቅርብኝ ልጄ» ይሉ ነበር።

አያቴ የምንጃር ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ከራስ ደስታ ዳምጠው ጭፍራ ጋር ወደ ሲዳሞ መጥተው፣ በጥር ወር 1928 ዓ.ም. በገናሌ ዶሪያ የግራዚያኒ ጦር የራስ ደስታን ሠራዊት በአውሮፕላንና በመኪና ሲበትነው ከተበተኑት አንዱ ናቸው። ከዚያም በኋላ ራስ ደስታ ሲዳሞ ውስጥ ሆነው ለአንድ ዓመት ያህል ሲዋጉ፣ እስከ መጨረሻው ግድም አልተለዩአቸውም። ራስ ደስታ የካቲት 17 ቀን 1929 ዓ.ም. በጉራጌ አገር ተይዘው ተገደሉ፤ በአዲስ አበባ የየካቲት 12 እልቂት ከተፈጸመ ገና አምስተኛው ቀን ነበር። አያቴ ከዚህ ቀጥሎ ስለ ሆነው ነገር ለረጅም ዘመን አላወሩልንም። እኛም ልጆቹ ፓስታ እምቢ ማለታቸውን የሽምግልና ግትርነት አድርገን ወሰድነው።

አሁን ወደ ምግቡ ታሪክ ልመለስ።

ፓስታ የሚለው ቃል በጣሊያንኛ ሊጥ ማለት ነው፤ ስጎ የምንለውም የእነርሱ «ሱጎ»፣ ማባያ መረቅ ነው። ቃሎቹ ወደ እኛ የገቡበት የመጀመሪያው በር ኤርትራ እንደ ሆነ አያጠራጥርም፤ እዚያ ጣሊያኖች ከ19ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ሰፍረው ነበርና። ወደ መሐል አገርና ወደ ደቡብ ግን ምግቡ በብዛት የገባው በ1928 ዓ.ም. ከወራሪው ጦር ጋር ነው። የጦሩና የመንገድ ሠራተኛው ብዛት በመቶ ሺሕ ይቆጠር ነበር፤ ይህ ሁሉ ሰው የሚበላው ዳቦና ፓስታ ደግሞ ስንዴ ይፈልጋል።

በዚህ ላይ የፋሽስቱ መንግሥት ትልቅ ተስፋ ነበረው። ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. በ1925 በገዛ አገሩ «የስንዴ ዘመቻ» አውጆ ነበር፤ ኢትዮጵያን ሲይዝም አገሪቱ ራስዋን መግባ ለሮም እንድትተርፍ አሰበ። ለዚህም በሆለታና በቢሾፍቱ የቀድሞ ወታደሮች እርሻ፣ በጨርጨር «የኢትዮጵያ ፑልያ»፣ በወገራ ደግሞ «የኢትዮጵያ ሮማኛ» የተባሉ የገበሬ ሰፈራዎች ተቋቋሙ። ስሞቹ የጣሊያን አውራጃዎች ስሞች ናቸው። የሰፋሪው ቁጥር ከታሰበው እጅግ ያነሰ ሆነ፤ ባለርስቱ አርበኛ ሆኖ ጫካ ገብቶ ሳለ ማንም በሰላም አርሶ ማጨድ አልቻለም። እህል ሊልክ የታሰበው ቅኝ ግዛት እህል ከባሕር ማዶ የሚጫንለት ሆኖ ቀረ። በአዲስ አበባ ቃሊቲ እ.ኤ.አ. በ1938 የተተከለው የዱቄትና የፓስታ ፋብሪካም የዚህ ዘመን ውጤት ነው፤ ፋብሪካው ከወራሪው በኋላ ቆይቶ፣ በደርግ ዘመን ወደ መንግሥት ይዞታ ተዛውሮ፣ እስከ እኛ ዘመን ፓስታና ብስኩት ሲያመርት ኖረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላግባ፤ አስቂኝ ነውና። ፊሊፖ ቶማሶ ማሪኔቲ የተባለው ጣሊያናዊ ባለቅኔ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1930 በጋዜጣ ባወጣው መግለጫ፣ ፓስታ ሰውን ሰነፍ፣ ከባድና ተስፋ ቢስ ያደርጋልና ከጣሊያን ማዕድ ይጥፋ ብሎ ዘመተበት። አገር ምድሩ ሳቀበት። ይኸው ሰው በ1928 ዓ.ም. ወደ እኛ አገር በወዶ ዘማችነት መጣ። የፓስታ ጠላት ፓስታን ወደ ኢትዮጵያ ካመጣው ጦር ጋር መምጣቱ ነው።

በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አሳሰቡ። ብዙዎቹ ጣሊያኖች በእንግሊዞች ተጭነው ቢሄዱም በሺሕ የሚቆጠሩ፣ በተለይም ባለሙያዎቹ፣ ቀሩ። ጋራዥ ከፈቱ፣ ወፍጮ ተከሉ፣ ምግብ ቤት አቆሙ። እስኪ ልብ ብለን እንስማ፤ ጎሚስታ፣ ላቫጆ፣ ፍሬን፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ ከምንለው ጋር ፓስታ፣ ማካሮኒ፣ ስጎ፣ ፎርማጆ፣ ካሮት፣ ፉርኖ እንላለን። የጋራዡና የወጥ ቤቱ ቃል በአንድ መኪና ተጭኖ የመጣ ነው። ምግቡንም በየአውራ ጎዳናው የዘሩት ሾፌሮች ይመስሉኛል። የጭነት መኪና ሾፌር ከሌሊት ሲነዳ አድሮ በመንገድ ዳር ምግብ ቤት ሲወርድ፣ ወጥ እስኪሠራ የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም፤ ፓስታ ግን ውሃ ከፈላ በሩብ ሰዓት ይደርሳል። ሐዋሳም ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። በልጅነቴ በመናኸሪያው አካባቢ ያሉት ምግብ ቤቶች ፓስታውን በእንጀራ ላይ ገልብጠው ያቀርቡ ነበር፤ ዛሬም ያቀርባሉ። በላተኛው እንጀራውን ቆርሶ ፓስታውን በእርሱ ጠቅልሎ ይጎርሳል። ሹካ ከተፈለገ አለ። ይህን የሚያይ የውጭ አገር ሰው ይገረማል፤ እኔ ግን ከዚህ የበለጠ የመዋሐድ ማስረጃ አላውቅም።

ፓስታን ከሁሉ አብልጦ የቤታችን ያደረገው ግን ጾም ይመስለኛል። በፋብሪካ የሚሠራው ደረቅ ፓስታ ስንዴና ውሃ ብቻ ነው፤ እንቁላል የለበትም። ስለዚህ ረቡዕና ዓርብ፣ ሁዳዴና ነቢያት፣ በአጠቃላይ የዓመቱን እኩሌታ ያህል ከሥጋና ከወተት ለሚታቀብ ቤተሰብ፣ በቲማቲምና በካሮት ተሠርቶ የሚበላ አዲስ ምግብ ተገኘ ማለት ነው። እስላሙም ጎረቤት ያለ ሥጋት ይበላዋል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ልተውና፣ ሐይቅ ዳር ላደግን ለእኛ የቆሮሶ ሥጋ የተፈተፈተበት ስጎ የሐዋሳ የራስዋ ነገር ነው ብል ከእውነት አልርቅም። ከዚያም በደርግ ዘመን የቀበሌው ኅብረት ሱቅ መጣ። ከስኳርና ከሳሙና ጋር ማካሮኒ በወረፋ የወሰድንበትን ቀን አስታውሳለሁ፤ ደብተሩን ይዤ የቆምሁት እኔ ነበርሁ። ፓስታ በዚያን ጊዜ የእንግዳ ምግብ መሆኑ ቀርቶ የተማሪ ቤትና የወረፋ ምግብ ሆነ።

እናቴ ስጎ የምትሠራው እንደዚህ ነበር። ቀይ ሽንኩርቱን እጅግ አድቅቃ ትከትፍና በደረቅ ድስት፣ ያለ ዘይት፣ በለዘበ እሳት ታቁላላዋለች። ሊያርር ሲል ጠብ ጠብ እያደረገች ውሃ ታጠጣዋለች። ሽንኩርቱ መልኩን ሲለውጥ ዘይት፣ ከዘይቱ በኋላ በደቃቁ የተከተፈ ካሮት፣ ከዚያም የተፈጨ የበሬ ሥጋ ይገባል። ሥጋው ውሃውን ጨርሶ መንጫጫት ሲጀምር የተላጠና የተከተፈ ቲማቲም፣ በላዩም ሳልሳ የሚባለው የቆርቆሮ ድልህ አንድ ማንኪያ ይጨመራል። ነጭ ሽንኩርት፣ የጥብስ ቅጠልና በሁለት ጣት ቆንጠር የተደረገ በርበሬ መጨረሻ ላይ ናቸው። ከሁለት ሰዓት ላላነሰ ጊዜ ከከሰል ላይ አይወርድም። አስተውላችሁ እንደ ሆነ፣ ይህ እስከ ካሮቱ ድረስ የወጥ አሠራር ነው። እናቴ ጣሊያን ያስተማራት ነገር የለም፤ የተማረችው ይርጋለም ከነበረች ጎረቤቷ ነው፤ ጎረቤቷም ከማን እንደ ተማረች አልጠየቅናትም።

ሥጋ ያለበት የእኛ ስጎ ከጣሊያን ምግቦች ሁሉ የሚቀርበው ቦሎኛ በምትባለው የሰሜን ጣሊያን ከተማ የሚሠራውን «ራጉ» ነው። የቦሎኛ ሰዎች በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም። እ.ኤ.አ. በ1972 ከራጉው ጋር የሚበላው ታሊያቴሌ የተባለው ጠፍጣፋ ፓስታ ተቀቅሎ 8 ሚሊ ሜትር ስፋት እንዲኖረው በንግድ ምክር ቤታቸው አስመዘገቡ፤ ናሙናውንም በወርቅ አሠርተው አስቀመጡ። በ1982 ደግሞ የራጉውን አሠራር በዚያው ምክር ቤት በሰነድ አስገቡ። 300 ግራም የበሬ ሥጋ፣ 150 ግራም የጨው አሳማ ሥጋ፣ ካሮት፣ ሴለሪና ሽንኩርት ከያንዳንዳቸው 50 ግራም፣ አምስት ማንኪያ የቲማቲም መረቅ፣ ግማሽ ብርጭቆ ወይን ጠጅ፣ አንድ ብርጭቆ ወተት። ነጭ ሽንኩርት የለም። የጥብስ ቅጠልም የለም። እንግዲህ በዚህ ሰነድ ቢመዘን የእናቴ ስጎ ገና ከበሩ ይመለሳል።

ነገር ግን ሰነዱ ራሱ ስንት ዕድሜ አለው? በጣሊያን የቤት ምግብ አሠራር ታላቅ ስም ያለው ፔሌግሪኖ አርቱዚ እ.ኤ.አ. በ1891 ባሳተመው መጽሐፉ «ማካሮኒ በቦሎኛ ሥርዓት» ብሎ የጻፈው አለ፤ በውስጡ የጥጃ ሥጋ፣ ቅቤ፣ መረቅና ገውዝ አለበት፤ ቲማቲም ግን ፈጽሞ የለበትም። ቲማቲም ራሱ ከአሜሪካ ምድር የመጣ እንግዳ ነው። በ1982 የተመዘገበውም ቢሆን በ2023 ተሻሽሏል፤ ሥጋው ወደ 400 ግራም፣ ቲማቲሙ ወደ 200 ግራም ከፍ ብሏል፤ ወተቱ ቢፈለግ የሚገባ፣ ባይፈለግ የሚቀር ሆኗል። ትክክለኛው አሠራር ይህ ነው ተብሎ በማኅተም የታተመው ነገር አርባ አንድ ዓመት ብቻ ጸና። የእናቴ ስጎ ከዚያ የሚበልጥ ዘመን ሳይለወጥ ኖሯል።

በቤታችሁ ልትሠሩት ለምትፈልጉ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነውና። በፓስታው ጥቅል ላይ የሚጻፈው የመቀቀያ ደቂቃ ብዙውን ጊዜ በባሕር ወለል አጠገብ ለሚኖር ሰው የተቈጠረ ነው። እዚያ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። ሐዋሳ ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች ውሃው የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በአዲስ አበባም ወደ 92 ይወርዳል። እሳቱን ብታበዙ ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ስለዚህ ጥቅሉ 9 ደቂቃ ካለ ሦስትና አራት ደቂቃ ጨምሩበት፤ ሰዓቱን ከማመን ይልቅም አንዱን መዝዞ በጥርስ መሞከር ይሻላል። ውሃው ብዙ፣ ጨውም በቂ ይሁን። ካጠለላችሁ በኋላ በቀዝቃዛ ውሃ አትጠቡት፤ ስጎው የሚይዘው በላዩ በቀረው ልጥ ነው። ከስጎው ጋር አንድ ደቂቃ ያህል በእሳት ላይ ብታዋሕዱት ደግሞ ልዩነቱን ታያላችሁ።

የእናቴ ፓስታ ግን ሁልጊዜ ከሚገባው በላይ ይበስል ነበር። ለረጅም ጊዜ ጥፋቱን በእርስዋ ላይ አድርጌ ነበር። በሙያዬ ከገባሁበት በኋላ ግን ጥፋቱ የእርስዋ ብቻ ሳይሆን የስንዴው ጭምር መሆኑን ዐወቅሁ። ይህን ለባልደረቦቼ መንገር ለቀባሪው አረዱት ቢሆንም፣ ከሌላ ሙያ ለሚያነቡን ስል ልናገር። ፓስታ የሚወጣው ዱረም ከሚባለው ስንዴ ነው። ዱረም 28 ክሮሞሶም ያለው፣ ፍሬው እንደ ጠጠር የጠነከረ፣ ሲፈጭ እንደ አሸዋ የሚሆን፣ ውስጡ ወደ ቢጫ የሚያደላ ዘር ነው፤ ሲቀቀል ሊጡ ቅርጹን ይዞ ይቆያል። የዳቦ ስንዴ 42 ክሮሞሶም አለው፤ ዱቄቱ የላመ ነው፤ ለዳቦ እንጂ ለፓስታ አይስማማም። ከእርሱ የተሠራ ፓስታ በውሃ ውስጥ ይፈታል፤ ውሃውንም ያደፈርሰዋል። እናቴ ገበያ ላይ የምታገኘው ፓስታ ብዙውን ጊዜ የዳቦ ስንዴ የበዛበት ነበር።

የሚያሳዝነው ይህ የሆነው በየትኛው አገር ነው የሚለው ነው። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ፈቃድ አግኝቶ በደጋው አገር ሲዘዋወር፣ በአንድ ማሳ ውስጥ የሚታየው የስንዴ ዓይነት ብዛት አስደነቀው። ነጩ፣ ቀዩ፣ ወይን ጠጅ መልክ ያለው ጥቁሩ ስንዴ፣ ሁሉም ተደባልቆ ይበቅላል፤ አብዛኛውም የዱረም ወገን ነው። ቫቪሎቭ አገራችንን የዚህ ስንዴ መገኛ እስከ ማለት ደረሰ። ከእርሱ በኋላ የተደረገው ጥናት የመጀመሪያው መገኛ መካከለኛው ምሥራቅ እንደ ሆነ ቢያሳይም፣ በሺሕ በሚቆጠሩ ዓመታት የኢትዮጵያ ገበሬ ሌላ ቦታ የማይገኝ ልዩ ልዩ ዓይነት እንዳፈራ ማንም አይክድም። ጣሊያኖቹም ቢሆኑ ከአፍሪካ የተበደሩት አለ፤ በስንዴ አራቢው ናዛሬኖ ስትራምፔሊ እ.ኤ.አ. በ1915 የወጣውና ለብዙ ዘመን የጣሊያን ፓስታ መሠረት የሆነው «ሴናቶሬ ካፔሊ» የተባለው ዱረም የተመረጠው ከሰሜን አፍሪካ ዘር ነው።

በእኛ አገር የተከተለው ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 የተጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ እየተባለ የሚጠራው፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ወደ ገበሬው ካደረሰ ወዲህ፣ በብዛት የሚያፈራው የዳቦ ስንዴ የዱረሙን ማሳ እየወሰደው ሄደ። ሥራው ረኃብን ስላስታገሠ አልነቅፈውም፤ እኔም በበኩሌ በዚያው ሥራ ውስጥ ደመወዝ የበላሁ ሰው ነኝ። ዳሩ ግን የአገሩ ዘር እንዳይጠፋ ዶክተር መላኩ ወረደና ባልደረቦቻቸው በዘር ባንክ ሲሰበስቡና ከገበሬው ጋር ሆነው በማሳው ሲያቆዩት፣ ከእኛ መካከል ስንቶቻችን ያንን የኋላ ቀር ሥራ አድርገን እንደ ተመለከትነው የምናውቀው እናውቀዋለን። የደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል በዱረም ላይ ብዙ ደክሟል፤ «ይረር» እና «ኡዴ» የተባሉት ዝርያዎች የድካሙ ፍሬ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ደግሞ በባሌ፣ ከሲናና የምርምር ማዕከል ጋር፣ ገበሬዎች ለፓስታ ፋብሪካዎች ዱረም እንዲያመርቱ የሚረዳ ሥራ ተጀመረ፤ ገንዘቡን የሰጠው የጣሊያን መንግሥት ነው። በ1930ዎቹ በጦር ኃይል ሊያገኙት ያልቻሉትን ስንዴ ሰባ ዓመት ቆይተው ለእኛው ፋብሪካ እንዲበቅል ረዱ።

የምንጃር ገበሬ የቀድሞ ስንዴ ዱረም ነበር። ይህን የተማርሁት እ.ኤ.አ. በ1976 በተቋቋመው የአዋሳ እርሻ ኮሌጅ ተማሪ ሳለሁ ነው። ያን ቀን ከትምህርት እንደ ወጣሁ ወደ ቤት ሮጬ ሄድሁ። አያቴ አጥሩ ጥግ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። የሚበሉት ቅንጬና እምቢ ያሉት ፓስታ የአንድ ስንዴ ልጆች መሆናቸውን፣ እርሳቸውም በልጅነታቸው የዘሩት ያንኑ መሆኑን፣ ምግቡ ከጠላት ይልቅ ለእርሳቸው የሚቀርብ መሆኑን እንደ ታላቅ ግኝት አድርጌ አስረዳሁ። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያም፣

«ስንዴውንማ ካንተ በፊት ዐውቀዋለሁ፤ ዘርቼዋለሁ፤ ዐጭጄዋለሁ። እኔ ስንዴውን እምቢ ያልሁ መሰለህ?» አሉኝ።

ያን ምሽት ነው የነገሩኝ። ራስ ደስታ ከተገደሉ በኋላ ተይዘው ለመንገድ ሥራ ተላኩ። ሥራቸው ድንጋይ መሸከም ነበር፤ መኪና በጭቃ የማይገባበት ወራት ሲሆን ግን የስንቅ ሣጥን ይሸከሙ ነበር። በሣጥኑ ውስጥ ያለው ፓስታ ነው። ከሣጥኑ የሚወጣውን ድምፅ፣ የደረቀው ፓስታ ሲነቃነቅ የሚያሰማውን የጭራሮ ድምፅ፣ እስከዚያች ቀን ድረስ አልረሱትም። አብረዋቸው ከተያዙት አንዱ፣ የገዛ አገራቸው ሰው፣ በረኃብ ደክሞ ከተሸከመው ሣጥን ሥር ወድቆ አልተነሣም። ሣጥኑን አንሥተው የቀሩትን መንገድ ሁለቱንም የተሸከሙት አያቴ ናቸው። ማታ ከሰፈሩ የስጎው ሽታ ይመጣ ነበር። ይህን ብቻ ነገሩኝ፤ ከዚህ በላይ አልጨመሩም፤ እኔም ዳግመኛ አልጠየቅኋቸውም።

ስለ ምግብ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች፣ እኔንም ጨምሮ፣ የሕዝቦች ማዕድ ተዋሐደ፣ ተዛመደ እያልን በደስታ እንጽፋለን። ከላይ የጻፍሁትንም አልለውጠውም፤ እውነት ነውና። ነገር ግን ምግቡ በማን ትከሻ እንደ መጣ የሚጻፈው እምብዛም ነው። በጣሊያንም ቢሆን ነገሩ ገና አልተዘጋም። በቅኝ ግዛቱ ዘመን «አቢሲኔ» የሚል ስም የተሰጠው፣ ዛጎል የመሰለ የፓስታ ዓይነት አለ፤ ሐበሾች ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ አንድ ፓስታ አምራች ድርጅት ይህን ፓስታ ለገበያ ሲያስተዋውቅ የዚያን ዘመን መንፈስ የሚያወድስ የሚመስል ቃል በመጻፉ በአገሩ ሰዎች ዘንድ ቁጣ ተነሣ፤ ድርጅቱም ይቅርታ ጠይቆ ስሙን «ኮንኪሊዬ»፣ ዛጎሎች፣ ወደሚል ለወጠ። ስሙን መለወጡ ደግ ነው። እኔ ግን ዜናውን ሳነብ የታሰበኝ ስሙ አልነበረም፤ የሣጥኑ ድምፅ ነው።

አያቴ ያረፉት በ1979 ዓ.ም. ነው። እናቴ በሐዘኑ ሰሞን ስጎ አልጠደችም፤ ከአርባው በኋላ ግን እንደ ቀድሞው እሑድ እሑድ ጣደች፤ ማንም ምንም አላለም። ዛሬ ስጎውን የምሠራው እኔ ነኝ። ዱረም የሆነውን ፓስታ ከሱቅ መርጬ እገዛለሁ፤ ሽንኩርቱን እንደ እናቴ በደረቅ ድስት አቁላላለሁ፤ ወተትና ወይን ጠጅ አልጨምርም። በርጩማው አሁንም አለ። አንድ እግሩ ተሰብሮ ተጠግኗል። ካሮቱን የምከትፈው በእርሱ ላይ ተቀምጬ ነው።